ያልተጠጣው ሻይ

ሽማግሌው ኤርጋሽ ከወይኑ ዳስ ሥር፣ በእንጨት መደባቸው ላይ ትራስ እንደተደገፉ ሞተው ተገኙ። ከፊታቸው አንድ በራድና ሁለት ሲኒ ነበር። የሳቸው ሲኒ ባዶ ነው። የእንግዳው ግን እስከ አፉ ሞልቶ፣ ማንም ሳይነካው ቀዝቅዟል።

መርማሪ ሻሮፋት ሲኒዎቹን ቆም ብላ አየቻቸውና ሌላ ሰው ሳይገባ በጨርቅ ሸፈነቻቸው።

ወሩ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1975 ነበር። በዚያ ወር በአፍሪካ ደሴቶች አዳዲስ ባንዲራዎች ተሰቅለዋል። በዚያ ምሽት ደግሞ የሶቪየትና የአሜሪካ መንኮራኩሮች ሰማይ ላይ ሊገናኙ ስለሆነ፣ የሳማርካንዱ ሰፈር ሁሉ ጎረቤታቸው ሆሺም ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩሎ ነበር። ግቢው ውስጥ የቀሩት ኤርጋሽና የሟች ልጃቸው ሚስት ዙምራድ ብቻ ናቸው።

«ሻዩን ያፈላችው እሷ ናት» አለ የሰፈሩ ፖሊስ። «የሽማግሌው የልብ መድኃኒት ጠርሙስም ከትራሳቸው አጠገብ ባዶውን ተገኝቷል። ሌላ ምን ቀረ? ልውሰዳት።»

ዙምራድ ትኩሳት የያዘውን ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «እትዬ፣ በራዱንና ሁለቱን ሲኒ አቅርቤ ወደ ልጄ ተመለስኩ፤ ማን እንደመጣ አላየሁም። ገና ጡት ነው የሚጠባው። እኔን ከወሰዱኝ ማን ያጠባዋል?»

ሻሮፋት የሕፃኑን ግንባር በእጇ ጀርባ ነካች። «ጨርቅ አርጥበሽ አድርጊለት» አለቻት። «ለዛሬ ማንም የትም አይወስድሽም።»

ሆሺምንና የሟቹን የወንድም ልጅ ሶቢርን ከግቢው በር ውጭ አቆይታቸው ነበር። ሁለቱም ከቴሌቪዥኑ ፊት ተነስተው እንደነበር ሰው አይቷል። ሆሺምን አስቀደመች።

«ሽንት ቤት መሄድም ወንጀል ሆነ? ሰዉ ዳቦዬን ጨርሶብኝ፣ ጭራሽ ገዳይ ልባል?»

«በግድግዳው ምክንያት ከኤርጋሽ ጋር ተጣልታችሁ ነበር።»

«ስንጣላ ነው የኖርነው! አሁን ከማን ጋር ልጣላ?» ድምፁ ተሰበረ።

«የእንግዳው ሻይ ሳይጠጣ ቀርቷል።»

«መርዝ እንዳለ ያውቅ ነበራ!»

ሶቢር ተራው ሲደርስ ሸሚዙን አስተካከለ። «ለነፋስ ነው የወጣሁት። አጎቴን ካየሁ ሳምንት አልፎኛል። ቤቱን ለእኔ እንደሚሰጡኝ ሰፈሩ ያውቃል፤ ያቺን መጤ ጠይቋት።»

«የእንግዳው ሻይ ሳይጠጣ ቀርቷል» አለችው ለእሱም።

በምሬት ሳቀ። «እንደ ውሻ ሲያባርሩት ማን ይጠጣል?»

በማግስቱ ከሲኒዎቹና ከበራዱ የተወሰደው ጠብታ የምርመራ ውጤት ደረሰ። መድኃኒቱ የተገኘው በሟቹ ሲኒ ብቻ ነው። ሻሮፋት ሁሉንም መደቡ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ኤርጋሽ ሻይ እንዴት ነበር የሚቀዱት?»

«እንደ ሁላችን ነዋ» አለ ሆሺም። «በራሳቸው ሲኒ ቀድተው ወደ በራዱ ይመልሳሉ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ለራሳቸው፣ ቀጥሎ ለእንግዳው።»

«ዙምራድ ማድ ቤት ሳለች በራዱ ወይም ሲኒው ውስጥ ጨምራ ቢሆን ኖሮ፣ ሲመላለስ ሻዩን ሁሉ ይበክለው ነበር። በራዱ ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ የገባው ሻዩ ከተቀዳ በኋላ፣ እዚህ መደብ ላይ በተቀመጠ ሰው እጅ ነው።»

«ምራት ደግሞ ከአማቷ ጋር ቁጭ ብላ ሻይ አትጠጣም» አለ ሆሺም ቀስ ብሎ።

ሻሮፋት ጨርቁን ገለጠች። «ለሚወዱት እንግዳ ግማሽ ይቀዳል፤ እንዲቆይና እንዲደገምለት። እንዲህ ሲሞላስ?»

«ጠጣና ሂድ ነው» አለ ሆሺም።

«ይህን ሲኒ ያየነው ዙምራድ፣ ፖሊሱና እኔ ብቻ ነን። ለሁለታችሁ የነገርኳችሁ ሻዩ እንዳልተጠጣ ነው። ሆሺም መርዝ አሰቡ። አንተ ግን ሶቢር፣ መባረር አልክ። ሲኒው መሙላቱን ማን ነገረህ?»

ሶቢር ዙምራድ ላይ አፈጠጠ። «ቤቱን ለእሷ! ሥጋቸው ለሆንኩት ለእኔ ሙሉ ሲኒ!»

«መቼ ጨመርከው?»

«ከሆሺም ቤት ‹ተገናኙ!› የሚል ጩኸት ሲሰማ አጎቴ ደስ ብሏቸው ወደ ሰማይ ቀና አሉ።» አንገቱን ደፋ። «ያኔ።»

ፖሊሱ ሶቢርን ይዞት ወጣ። ዙምራድ ሕፃኗን አቅፋ መደቡ አጠገብ ቆማለች፤ ትቀመጥ ትሂድ አታውቅም።

ሻሮፋት ሌላ በራድ አስመጣች። በሲኒ ቀድታ ሦስት ጊዜ መለሰች። ከዚያ ግማሽ ቀዳችና ለዙምራድ ዘረጋችላት።

«ተቀመጪ» አለቻት።