ሮቶው የሞላ ዕለት

«ቀስ በል አባ፣ እየፈሰሰ ነው!»

ቀነኒ መሰላሉን በሁለት እጇ እንደያዘች ወደ ላይ ጮኸች። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ የሆነው አባቷ ቀጄላ መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ጄሪካን ወደ ሮቶው ይገለብጣል። ከታች የተማሪው ሰልፍ እስከ ባንዲራው ደርሷል። ዛሬ የትምህርት ቤቱን ደረጃ የሚወስኑ ገምጋሚዎች ስለሚመጡ፣ ውሃ ያልያዘ ተማሪ በበሩ እንዳያልፍ ትናንት ታዝዟል። አሶሳ በመጋቢት ፀሐይ ጄሪካን ተሸክሞ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ የተሸከመ ያውቀዋል።

«ይሄ ሮቶ ከተሰቀለ ዛሬ ገና ውሃ ቀመሰ!» አለ የክፍሏ ልጅ ገመቺስ። «ፎገራ ነው ባክሽ!»

ሰልፉ ሳቀ። ቀነኒ ግን ከገመቺስ ኋላ የቆመችውን ነዕማን አይታ አንገቷን ደፋች።

ነዕማ ከመንጌ ወረዳ የመጣች ልጅ ናት፤ ከቀነኒ ጋር ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ይጋራሉ። ባለፈው ዓመት ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ውስጥ የአሲድ ጠርሙስ ተሰብሮ ፊቷ ላይ ተረጨ። መምህሩ እየጎተተ ቧንቧው ሥር አደረሳት። ቧንቧው ተንኳኳ፣ አየር ተነፈሰ፣ ሌላ ምንም አልወጣውም። ቀጄላ ከጥበቃ ቤቱ የሚጠጣውን ውሃ ይዞ እስኪደርስ ጊዜው አልፏል። ቀኝ ዓይኗ በዚያው ቀረ። ዛሬ እሷም እንደማንም ጄሪካኗን ተሸክማ መጥታለች።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ጥሩሰው ቀነኒን ጠርተው አንድ ወረቀት ሰጧት። ድምፅሽ ጥሩ ነው ተብላ የትምህርት ቤቱን ታሪክ ለእንግዶቹ እንድታነብ የተመረጠችው እሷ ናት። በሁለት የሣር ክፍሎች መጀመሩ፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መማራቸው፣ ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ወደ ታች ስትወርድ ግን «የማያቋርጥ የውሃ አገልግሎት ያላቸው ሦስት ላብራቶሪዎች» ይላል። ቀጥሎም «እስከ ዛሬ አንድም አደጋ ያልደረሰባቸው»።

«ጋሼ፣ ይሄኛው...»

«ደረጃችን ከወረደ ማን ዞር ብሎ ያየናል?» አሉ አቶ ጥሩሰው። ሌሊቱን ያልተኙ ይመስላሉ። «መጀመሪያ እንለፍ፣ ቧንቧው ይደርሳል። ነዕማንም ውሃዋን ስትጨርስ ወደ ቤት ትሂድ በያት፤ ትረፍ።»

ቀነኒ መስመሩን ደግማ አየችው። ውሃ አለኝ ላለ ትምህርት ቤት ማን ውሃ ይሰጣል?

ወረቀቱን ለአባቷ አሳየችው። ቀጄላ አነበበና እጥፍ አድርጎ መለሰላት።

«ዝም ብለሽ አንብቢው» አለ። «ኮንትራቴ ሰኔ ላይ ያልቃል። የሚፈርመው ርዕሰ መምህሩ ነው።»

«አንተ ራስህ ነህ እኮ ያን ቀን ውሃ ይዘህ የሮጥክላት፣ አባ።»

«አውቃለሁ» አለ ቀጄላ። ካፖርቱን ሊለብስ ወደ ጥበቃ ቤቱ ሄደ።

ነዕማ ባዶ ጄሪካኗን ይዛ በሩ ጋ ደረሰች። እቤት ሂጂ መባሏን ስትሰማ አልተቆጣችም፤ ያ ደግሞ ቀነኒን ይበልጥ አመማት።

«አንተ አንብበው፣ ችግር የለም» አለች ነዕማ። አማርኛዋ ወንዱንም ሴቱንም አንተ ይላል። «እኔ ዓይን አይመለስም። ግን አማል ዘንድሮ ዘጠኝ ገብቷል። ሐሙስ ላብራቶሪ አለው።»

አማል ታናሽ እህቷ ናት። ነዕማ ይህን ብላ ሄደች። ሐሙስ የሚመጣው ከነገ ወዲያ ነው፤ ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ለነገም አይደርስም።

ገምጋሚዎቹ ረፋድ ላይ መጡ። ቀነኒ ታሪኩን አነበበች፤ ሣሩን፣ ድንጋዩን፣ በኋላ የተጨመሩትን ክፍሎች። ላብራቶሪው ውስጥ ሲደርሱ የቀሩት እነዚያ ሁለት መስመሮች ነበሩ። ከማንበቧ በፊት የቡድኑ መሪ ወይዘሮ ሰሎሜ እጃቸውን ሰንዝረው ቧንቧውን ከፈቱት። ውሃው ግንፍል ብሎ ወረደ።

«ጎሽ!» አሉ ወይዘሮ ሰሎሜ ብዕራቸውን እያወጡ። «ስንት ትምህርት ቤት አየን፣ ሁሉም ደረቅ ነው። በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?»

አቶ ጥሩሰው ቀነኒን አዩዋት። በመስኮቱ በኩል አባቷ የጥበቃ ካፖርቱን በዚያ ሙቀት እስከ አንገቱ ቆልፎ ከዋናው በር አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እንግዶች ሲመጡ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚቆመው። ቀነኒ ፈራች።

«አይመጣም» አለች። «ዛሬ ጠዋት ተሸክመን ነው የሞላነው።»

አቶ ጥሩሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «ልጅቷ ደንግጣ...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም።

«አደጋም ደርሷል» አለች ቀነኒ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች።

ወይዘሮ ሰሎሜ ቧንቧውን ዘጉ። አዲስ ገጽ ገለጡ።

ቀነኒ የነዕማን ስም ከነአባቷ ስም ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ጽፈው እስኪጨርሱ፣ ቀስ ብላ ደገመችላቸው።