ቅጂው ላይ ብቻ ያለ ቀጠሮ

ይህን ከሰው የሰማሁት አይደለም። በገዛ እጄ ያደረግኩት ነው።

"ፈጠራ ነው" የምትሉ ካላችሁ አልከራከርም... ፈጠራ በሆነልኝ።

የማንንም ስም አልጠራም። አንዳንዶቹ በሕይወት አሉ። አንዱ ደግሞ... ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ መንገዱ ሰው በሰው ነው።

አጎቴ የዓይን ሐኪም ነበሩ። ከዚያ ቅዳሜ ሦስት ወር በፊት አረፉ። ልጅ ስላልነበራቸው ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸውና ባለቤታቸው ናቸው። ባለቤታቸውን "እትዬ" እላቸዋለሁ። እናቴ ናቸው ብል አልዋሸሁም።

የክሊኒኩን ድረ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። በሽተኛው ስሙን፣ ስልኩንና የሚሰማውን ችግር ይጽፋል፤ ቀንና ሰዓት ይመርጣል። ከሥሩ አጎቴ ራሳቸው መልስ ይጽፉለታል። መልሳቸው ለሁሉም አንድ ነበር።

"ሳይቸኩሉ ይምጡ፣ እጠብቅዎታለሁ።"

ድረ ገጹ የተቀመጠበት ሰርቨር ውሉ በወሩ መጨረሻ ያልቅ ነበር። ካለቀ ሁሉም ይጠፋል።

"የእሱ ጽሑፍ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም" አሉኝ እትዬ። "ሌላ ቦታ ገልብጥልኝ።"

ሥራው ቀላል ነው። ፋይሎቹንና የቀጠሮ መዝገቡን አውርጄ፣ በክሊኒኩ እንግዳ መቀበያ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እጭናለሁ። ከዚያ ወዲያ ቅጂውን የሚያየው እዚያች ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ደብተር ገልብጦ መሳቢያ ውስጥ እንደ መቆለፍ ማለት ነው።

ሲስተር አብራኝ ነበረች። ከአጎቴ ጋር ሃያ ዓመት የሠራች ነርስ ናት። የበሽተኞቹን ካርድ በካርቶን እያሰረች ነበር።

አውርጄ ጨረስኩ። የኢንተርኔቱን ገመድ ከኮምፒውተሩ ነቀልኩት።

ሁሌም ሳልቆጥር አልነሳም። በላፕቶፔ ዋናውን ከፈትኩ።

አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ቀጠሮ።

ቅጂውን ከፈትኩ።

አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰባት።

ሲገለብጡ የሚጎድል ነገር አይጠፋም። የሚጨምር ግን... በአሥር ዓመት ሥራዬ አልገጠመኝም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ሁሉንም ደመሰስኩና እንደገና ከመጀመሪያው ጫንኩ። ገመዱንም እንደገና ነቀልኩ።

አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዘጠኝ።

"ምን ሆነሃል? ላብ አጠመቀህ እኮ" አለች ሲስተር።

"ምንም... ቁጥር አልገጥም ብሎኝ ነው።"

ዋናው ላይ የሌሉትን ሦስቱን ፈልጌ አወጣኋቸው። ሦስቱም የተያዙት በዚያው ሳምንት ነው። አጎቴ ከተቀበሩ ከሦስት ወር በኋላ።

የመጀመሪያውን ስም ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

ሲስተር ካርቶኑን ለቀቀችው።

"ድገመው እስቲ..."

ደገምኩት።

"ጡረታ የወጡት መምህር ናቸው" አለች ቀስ ብላ። "አምና ነው የቀበርናቸው። ዶክተርም ቀብር ሄደዋል።"

"ሁለተኛውስ?"

ስሙን ከእስክሪኑ ላይ ራሷ አነበበችው። "እኚህም አርፈዋል" አለች።

ሦስተኛውን ልታይ አልፈለገችም።

ከሦስቱም ሥር መልስ አለ።

"ሳይቸኩሉ ይምጡ፣ እጠብቅዎታለሁ።"

"ሰው እየቀለደብን ነው" አልኩ።

"በየት ገብቶ?" አለችኝ ሲስተር፤ መሬት ላይ የተጋደመውን ገመድ እያየች።

ያን ጊዜ ነው፣ ሁለታችንም እያየን፣ ከዝርዝሩ ሥር አንድ መስመር የተጨመረው።

የእትዬ ስም ነው።

ስልካቸውም ትክክል ነው። ሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

የሚሰማዎት ችግር ከሚለው አጠገብ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል።

"ብቸኝነት።"

ከሥሩ መልሱ ወዲያው መጣ።

"ሳትቸኩዪ ነይ፣ እጠብቅሻለሁ።"

ሲስተር አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ወደ ቤት ሄድኩ። ልደብቃቸው ነበር ሐሳቤ። እትዬ ግን ፊቴን እንደ መጽሐፍ ነው የሚያነቡት። ሁለት ጊዜ ሲጠይቁኝ ሁሉንም ተናገርኩ።

ሳይጮኹ፣ ሳያለቅሱ አዳመጡኝ።

"እትዬ... እርስዎ ነዎት የጻፉት? እውነቱን ይንገሩኝ።"

"ኮምፒውተር መክፈት መች አውቅና ነው?"

ጉልበታቸው ላይ የነበረውን ሹራብ አጣጠፉት።

"አልጻፍኩትም" አሉ በመጨረሻ። "አስቤው ግን አውቃለሁ።"

"እንዲህ አይበሉ።"

"አርባ ዓመት ሙሉ እሱን ስጠብቅ ኖርኩ። ምሳ አቅርቤ እጠብቃለሁ፤ 'አንድ በሽተኛ ቀረኝ' ይላል። ለብሼ በር ላይ እጠብቃለሁ፤ 'አንድ በሽተኛ ቀረኝ'..." ፈገግ አሉ። "እስቲ ደግሞ አንድ ቀን እሱ ይጠብቀኝ።"

እሑድ ጠዋት ግራጫ ቀሚሳቸውን ሲተኩሱ አየኋቸው።

"ለምንድነው?"

"ለነገ" አሉኝ፤ ገበያ እንደሚሄድ ሰው።

ልብስ ሲተኩሱ እያየሁ መቀመጥ አልቻልኩም። ቁልፍ ይዤ ወደ ክሊኒኩ በረርኩ።

እሑድ ስለሆነ ማንም አልነበረም። መጋረጃውን ገልጬ ብርሃን አስገባሁ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ።

የእትዬ ቀጠሮ አለ።

አጠፋሁት። ጠፋ።

ገጹን እንደገና ከፈትኩት... አለ።

ከመዝገቡ ሥር ገብቼ አጠፋሁት። ተመለሰ። ቅጂውን በሙሉ ደምስሼ፣ ገመዱን ሰክቼ ከዋናው እንደ አዲስ ገለበጥኩ፤ ገመዱንም መልሼ ነቀልኩ። ዋናው ላይ የለም፤ ቅጂው ላይ አለ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት ሆነ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልብ አልኩ። መስመሩ አይጠፋም እንጂ... ሊታረም ይችላል። ከስሙ ላይ አንዲት ፊደል ባጠፋ አትመለስም።

እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ። ከዚህ በኋላ ያለውን መጻፍ ከብዶኛል።

የእትዬን ስም አጠፋሁት። ባዶውን አላስቀምጥም አለኝ። በምትኩ ከአፌ የመጣልኝን የሆነ የወንድ ስም ከነአባቱ ጻፍኩ። የማውቀው ሰው አይደለም። ስልካቸውንም አጥፍቼ ጣቴ ያረፈበትን አሥር ቁጥር መታሁ።

የሌለ ሰው ቢጠራ ማን ይጎዳል? እንዲህ ነበር ያልኩት ለራሴ።

አስቀምጥ የሚለውን ተጫንኩ።

ገጹን ከፈትኩት። ዘጋሁት። ከፈትኩት። የእትዬ ስም አልተመለሰም። ትንፋሼን ለቀቅኩ።

ከዚያ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ።

እኔ ያልነካሁት መልስ ተቀይሯል።

"ነይ" የሚለው የለም። "ሳይቸኩሉ ይምጡ፣ እጠብቅዎታለሁ" ይላል።

አጎቴ ለማያውቁት ሰው የሚጽፉት እንደዚያ ነው።

ሰኞ ጠዋት ከእትዬ አጠገብ አልተነሳሁም። ግራጫውን ቀሚስ ለብሰው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ ሳሎን ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው በሩን ያያሉ።

ሦስት ሰዓት ተኩል።

"ውሃ ላምጣልዎት?"

"አይ... ይበቃኛል።"

አራት ሰዓት።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ደረታቸውን ነው የማየው። ይነሳል... ይወርዳል... ይነሳል።

አራት ከአሥር።

ዓይናቸውን ገለጡ። ዙሪያውን አዩ። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ ያዩኝ በነበረበት ዓይን እንዲያዩኝ ጠብቄ ነበር። አላዩኝም እንደዚያ።

"ቀረ" አሉ።

ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ከዚያ ቀና አሉ።

"ምን አደረግክ?"

"ምንም።"

"ልጄ... ምን አደረግክ?"

ስልኬ ጠራ። ሲስተር ናት።

"ቶሎ ና" አለችኝ። በሹክሹክታ ነው የምታወራው። "አንዲት ሴትዮ ክሊኒኩ ስልክ ላይ ደውላለች። አልዘጋም ብላለች። የምትለው ነገር አልገባኝም... ና ብቻ።"

ክሊኒኩ ከቤታችን አምስት ደቂቃ ነው። በሁለት ደቂቃ ደረስኩ። የውጭው በር ከውስጥ ተቆልፎ ስለነበር ሲስተር ናት የከፈተችልኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። የስልኩን እጀታ አቀበለችኝ።

"ሄሎ?"

"ዶክተሩ ነዎት?" አለች ሴትዮዋ። ጨዋ ድምፅ ነው፤ ሰው ማስቸገር የማይወድ ሰው ድምፅ።

"አይደለሁም... ምን ልርዳዎት?"

"ይቅርታ፣ እንዳላስቸግራችሁ። ባለቤቴ ትናንት በስልኩ መልእክት ደረሰው። ከእናንተ ነው። ዛሬ አራት ሰዓት ይምጡ ይላል። ዓይኑን እኮ አሞት አያውቅም። ተሳስተው ነው ብዬው ነበር..."

እጀታውን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

"'ስሜን ከነአባቴ ጠርተው እንዴት ይሳሳታሉ?' ብሎኝ ወጣ።"

"ስማቸው... ማን ይባላል?"

ነገረችኝ።

ትናንት ከአፌ የመጣልኝ ስም ነው። ከነአባቱ።

"መቼ ነው የወጡት?"

"ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ። ደርሻለሁ ብሎ ደወለልኝ፤ በሩ ክፍት ነው፣ እየገባሁ ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሳም። ጨረሰ እንዴ?"

የስልኩን አፍ በእጄ ሸፈንኩ።

"ሲስተር... ጠዋት ሰው ገብቷል?"

"ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ነኝ" አለች። "ከውስጥ ቆልፌ ነው የምሠራው። ዝንብ አልገባም።"

ያን ጊዜ ሰማነው።

ከምርመራው ክፍል ነው። አጎቴ ካረፉ ጀምሮ ያልተከፈተ ክፍል። ቁልፉ በእትዬ እጅ ነበር፤ ቅዳሜ ከሌሎቹ ጋር ለእኔ ሰጥተውኛል። ኪሴ ውስጥ ነው።

የወንድ ድምፅ ነው። የተረጋጋ፣ የታዘዘውን የሚያደርግ ሰው ድምፅ።

"ወደ ቀኝ..."

ዝም አለ።

"ወደ ላይ..."

ሲስተር ክንዴን ጨመደደችው። እሷም እኔም እናውቀዋለን። በሽተኛው ግድግዳው ላይ ካለው፣ መብራት ከሚበራበት የምልክት ሰሌዳ ስድስት ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ሐኪሙ በዘንግ ምልክቱን ይነካል፤ በሽተኛው ምልክቱ ወዴት እንደዞረ ይናገራል። ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ መስመር በመስመር።

"ወደ ግራ... ወደ ታች..."

"የሚያዘው ማን ነው?" አለች ሲስተር በጆሮዬ። "ሌላ ድምፅ አይሰማም እኮ።"

"ወደ... ወደ ቀኝ ነው መሰለኝ..."

እጄ ከስልኩ አፍ ላይ ተንሸራትቶ ኖሯል።

"ይኸው እሱ ነው" አለች ሴትዮዋ፤ ድምፅዋ ላይ እፎይታ ነበር። "የእሱ ድምፅ ነው። እዚያው ነው ለካ። ሲጨርስ አንዴ ያቅርቡልኝ።"

እጀታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ቁልፉን አውጥቼ በሩ ላይ ደረስኩ።

"ይሄ አይታየኝም" አለ ሰውዬው ከበሩ ወዲያ። ከእኔ አንድ ክንድ አይርቅም።

ትንሽ ቆየ።

"አይ ዶክተር... ከዚህ በታች ምንም አይታየኝም።"

ከፈትኩት።

በኋላ ፖሊስ መጣ። መስኮቱን፣ ጣሪያውን፣ ቁም ሳጥኑን አገላበጡ። የሰውዬው ስልክ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው በዚያው ሰፈር እንደሆነ ነገሩን። ከዚያ ሌላ እስከ ዛሬ የተገኘ ነገር የለም። እኔ የጻፍኩትን ስም ለፖሊስ ተናገርኩ። እንዴት እንዳዩኝ አትጠይቁኝ። እትዬም ያንኑ ቀን ሰምተው፣ ለአንድ ወር ያህል አላናገሩኝም።

እኔ ግን በሩን የከፈትኩባትን ያቺን ደቂቃ ነው የምነግራችሁ።

ክፍሉ ባዶ ነው። መጋረጃው ተዘግቷል። ግድግዳው ላይ ያለው የምልክት ሰሌዳ በርቷል።

ወለሉን ሦስት ወር ሙሉ የነካው የለም። ነጭ አቧራ እንደ ዱቄት ተነስንሶበታል።

በሩ አጠገብ፣ በሽተኛ በሚቆምበት ቦታ፣ አቧራው ላይ ሁለት የጫማ ዱካ አለ። ጎን ለጎን። ጣታቸው ወደ ሰሌዳው።

ወደዚያ የሚወስድ ዱካ የለም። ከዚያ የሚመለስም የለም።

ከሰሌዳው አጠገብ ደግሞ፣ ከትንሿ መስመር ሥር፣ ዘንጉ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ... ቀጣዩን ምልክት እየጠቆመ ነበር።