ጥጉ ላይ የቆመው

ጉልላት በጌም ቤቱ ወለል ላይ ሞቶ የተገኘው ጠዋት ነው። ከግድግዳው ወርዶ መሬት ከተቀመጠው ከርሳም አሮጌ ቴሌቪዥን ማዕዘን ጋር ጭንቅላቱ ተጋጭቷል። በቦታው የተሰቀለው አዲሱ ፍላት ስክሪን ተዘግቶ ጨልሟል።

ኢንስፔክተር ጽጌማርያም መቀመጥ አይሆንላትም። ከአስራ ስምንት ማዞሪያ የወያላ ጩኸት እየገባ፣ እሷ ቁልፏን እያንቃጨለች ከበር እስከ መጋረጃ ትመላለሳለች። ያቁነጠነጣት አንድ ነገር ነው፤ ቴክኒሻኑ ወዬሳ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከሟቹ ጋር መጨረሻ የታየው እሱ ነው። እናቱ ደጅ ቆማ «ልጄ ዝንብ አይገድልም» ትላለች። የጽጌማርያምም ልብ እንደዚያው ይላል፤ ልብ ግን ማስረጃ አይሆንም።

«ማታ ለምን መጣህ?» አለችው በካቴና የመጣውን ወዬሳን።

«ኮንቨርተር ልገጥም ነዋ። የድሮ ጌም በቢጫው ገመድ ፍላት ላይ ሲገባ ምስሉ ጭጋግ ነው። ይቺ ሳጥን ታጠራዋለች። ሲመሽ ገጠምኳት፣ በኳስ ጌም ሞከርኳት፣ ፏ አለች፤ ከዚያ ሄድኩ። ጋሽ ጉልላት ‹ዛሬ ክርክሩ ያበቃል› እያሉ ይስቁ ነበር።»

ስለ ክርክሩ የነገረቻት የሟቹ ሚስት ራዕይ ናት። ሌሊቱን አዳር ጸሎት ላይ ነበረች፤ መዘምራኑ ሁሉ መስክረውላታል።

«በመኪና ውድድሩ ጌም ጥጉ ላይ የቆመ ነገር አለ» አለች። «ጉልላት ውሻ ነው ይላል፣ ይመር ልጅ ነው ይላል። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደተከራከሩ ነው። ትላንት ምሳ ላይ እንኳ ይመር ‹ልጅ ነው አልኩህ› ብሎ ተቆጥቶ ወጣ።»

ይመር የጉልላት አብሮ አደግና የአጥር ጎረቤት ነው። ዓይኑ አብጧል፤ ከልቡ አልቅሷል።

«ከምሳ በኋላ እዚህ ድርሽ አላልኩም» አለ። «ኮንቨርተር የሚሉትንም አላየሁት።»

«ለመሆኑ ጥጉ ላይ የቆመው ምንድን ነው?»

«ይተዉት እባክዎ። ውሻ ነው። ቀይ ማሰሪያ ያለው ውሻ።»

የጽጌማርያም ቁልፍ መንቃጨሉን አቆመ።

ከምሳ በፊት ሦስቱንም ጌም ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የመኪናውን ጌም ከፍታ ቢጫውን ገመድ ሰካች። ጥጉ ላይ ቡናማ ድብዝዝ ያለ ነገር ታየ።

«ማሰሪያ የሚታየው ሰው አለ?»

ራዕይ ስክሪኑ ድረስ ተጠጋች። «ልጅም ይሆናል፣ ውሻም ይሆናል።»

ጽጌማርያም ሳጥኗን አገናኘች። ውሻ፤ አንገቱ ላይ ቀይ ማሰሪያ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይሄኛው ግን ሲመሽ ነው የጠራው» አለች። «አቶ ይመር፣ እስከ ምሳ ልጅ ነው ብለው ይቆጡ ነበር። ዛሬ ማሰሪያውን ከነቀለሙ ነገሩኝ። ወዬሳ ይህን ጌም አልከፈተም። ራዕይ ጸሎት ላይ ነበረች። የከፈተው ጉልላት ነው፣ ያየው ደግሞ እሱና አንድ ሌላ ሰው።»

«ኢንተርኔት ላይ አይቼ ቢሆንስ?»

«ዕድሜዎን ሙሉ ያልፈለጉትን ትላንት ማታ ምን አስፈለገዎት?»

ይመር ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ጥጉ ላይ የቆመው ለእኔ መሸሻ ነው» አለ። «ታናሽ ወንድሜ። ታሞ መጫወት ሲያቅተው እዚህ ተቀምጦ ‹ያ ጥጉ ላይ ያለው እኔ ነኝ፣ ቆሜ አያችኋለሁ› ይለን ነበር። ከሞተ በኋላ እኔ እሱን ለማየት ነው የምመጣው። ጉልላት ማታ በአጥር ጠራኝ። ‹ና ወንድምህን እየው፣ ጅራት አለው› ብሎ ሳቀ። ገፋሁት። እንዲያ ይወድቃል አላልኩም። ጮኼ ሰው መጥራት ሲገባኝ፣ ውሻው እያየኝ ስለመሰለኝ ስክሪኑን አጥፍቼ ሄድኩ።»

ራዕይ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። የወዬሳ ካቴና ተፈታ፤ እናቱ ደጅ ላይ አንገቱን አቅፋ ያዘችው። ካቴናው ወደ ይመር እጅ ዞረ።

ሳጥኗ ማስረጃ ናት። ጽጌማርያም ነቅላ በላስቲክ ከተተቻት፤ ከዚያ ማንም ሳያዛት ቢጫውን ገመድ መልሳ ሰካች። ምስሉ ደበዘዘ። ፖሊሱ ይመርን በክንዱ ሲስበው «ትንሽ ቆይ» አለችው፣ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች።

ይመር ጥጉን አየ፣ ዓይኑን አጥብቦ እንደገና አየ።

«አሁንም ውሻ ነው» አለ፣ ወጣም።