ያልጠጣው ጣውላ

ዳኛው ከእንጨቱ በረንዳ ደረጃ ግርጌ፣ ድንጋይ ንጣፉ ላይ፣ በጀርባቸው ተዘርረው ነበር። የኋላ ጭንቅላታቸው ተፈንክቷል። ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቤታቸውን ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እንደ ችሎት ነበር የሚገዙት። እሳቸው ይናገራሉ፣ ሌላው ቆሞ ይሰማል። አሁን እሳቸው ዝም ቢሉ ሌላው ሁሉ ዳኛ ሆኖ አረፈው።

መርማሪዋ የደረሰችው ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ሆና አይደለም፤ እንዲያውም ደረጃ ስትወጣ የምታለከልክ፣ ወፈር ያለች ሴት ናት። የገባችበትን ሳትወጋ ስለማትወጣ ነው።

«ምርመራ ምን ያደርጋል? ወስዶ እስር ቤት መወርወር ነው» አለ የዳኛው ወንድ ልጅ፣ ጥግ ላይ ወደ ቆመው ሽማግሌ እየጠቆመ።

ሽማግሌው ቀለም ቀቢ ነው። አርባ ዓመት እንጨት ሲቀባ ኖሮ ቡናማው ጥፍሩ ሥር ሰርጎ የቀረበት ሰው። እጁ በካቴና ታስሯል፤ አንድ ጉንጩ አብጧል።

«ጉንጫቸውን ምን ነካቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ ልጁ ሳያፍር። «በጥፊ። ሲያንሰው ነው።»

«ጥሩ፤ አንዱን ጥፋተኛ ሳልደክም አገኘሁ» አለች መርፌ። «ሳጅን፣ መዝግብልኝ። ሌላውን እንፈልጋለን።»

ነገሩን ያስረዳት የሟች አማች፣ የሴት ልጃቸው ባል ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩም የተተኮሰ።

«ቀቢው ትናንት እስኪመሽ በረንዳውን የእንጨት ዘይት ሲቀባ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። አላስጠነቀቀ፣ ገመድ አልወጠረ። አባባ ንጋት ላይ እንደ ልማዳቸው አየር ሊቀበሉ ሲወጡ አዳለጣቸውና ከደረጃው ወደቁ። ጫማቸውን ይዩት፣ ሶሉ ዘይት በዘይት ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል ማለት ይኼ ነው።»

«ሕግ ተምረዋል እንዴ?»

«አምስት ዓመት ዳኛ ቤት ኖሬያለሁ።»

መርፌ ወደ ሬሳው ሄደች። እያቃሰተች ተንበረከከችና የሟችን ጫማ ሶል ከተረከዝ እስከ ጣት ድረስ አየችው። መሐል ላይ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ጣቷን አሳርፋ አሸተተች። ከዚያ ደረጃውን ወጣች። እርከኖቹ እርቃናቸውን ናቸው፤ ዘይት የሚባል አልነካቸውም። በረንዳው ግን ያብረቀርቃል። በጣቷ ጫን ስትለው እንደ ማር ተለጠፈባት። ደረጃው አፍ ላይ ዘይቱ ወፍሮ ተጠራቅሟል፤ ወደ ሳሎኑ በር ሲጠጋ እየሳሳ ሄዶ፣ ደፉ አጠገብ ደረቅ ብሩሽ የጫረው ብቻ ሆኗል።

ወርዳ ቀቢውን ለብቻው አነጋገረችው።

«ትናንት ስንት ሰዓት ጨረሱ?»

«አልጀመርኩም እኮ፣ ልጄ። ከትናንት ወዲያ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል። ትናንት መጥቼ ጣውላው ላይ ውኃ ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ደረቅ ቢሆን ጭልጥ ያደርገው ነበር። ይኼ ግን አልነካም አለ፤ ውኃው ኩልል ብሎ ላዩ ላይ ቀረ። ውኃ የጠገበ እንጨት ዘይት አይጠጣም። ሁለት ቀን ፀሐይ ይምታው ብዬ ዕቃዬን ደረጃው ሥር ትቼ ሄድኩ።»

«ይኼን ለማን ነገሩ?»

«ለዳኛው።» ሽማግሌው ወደ ሬሳው አየ። «ያለኝ ምስክር እሳቸው ናቸው። ጉዴን አየሽልኝ?»

«ጀምረው ቢሆን ኖሮ ከየት ይነሱ ነበር?»

«ከቤቱ ግድግዳ ነዋ። ወደ ኋላ እያፈገፈግኩ መጥቼ በደረጃው እወርዳለሁ፤ እርከኑንም በመጨረሻ እየቀባሁ። በዘይት እግሬ የሰው ሳሎን ላቋርጥ ነው?»

መርፌ ደረጃው ሥር አጎነበሰች። ብሩሽ አለ። ጣሳውም አለ፣ ግን ባዶ ነው።

«መጥረጊያ ጨርቅ አልነበረዎትም?»

«አንድ ፌስታል ሙሉ ትቼ ነበር።» ሽማግሌው አንገቱን አስግጎ አየና ደነገጠ። «የወሰደው ሰው ምን እንደያዘ ባወቀ። ዘይት የነካውን ጨርቅ አጥር ላይ ዘርግተሽ ነው የምታደርቂው። ጠቅልለሽ ከወሸቅሽው በራሱ ይግልና ክብሪት ሳይነካው ይነዳል። ሥራ ያስተማረኝ ሰው ሱቁ የነደደው እንደዚያ ነው።»

«ገባኝ» አለችና ልትሄድ ስትል ሽማግሌው አስቆማት።

«እስሩ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ከቤቴ እስከዚህ ፖሊሶቹ በካቴና፣ በእግሬ ነው የነዱኝ፤ ልጃቸው ነፍሰ ገዳይ እያለ እየጮኸብኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ እያየ። ስም ነው ያለኝ፤ ሌላ ሀብት የለኝም። ተሳስተን ነው ብለው በጓሮ በር ቢለቁኝስ? ያ ሁሉ ሰው ያየውን አየ።»

መርፌ ይኼንንም ሰማች። ቃል ግን አልገባችለትም።

የዳኛው ሴት ልጅ ወጥ ቤት ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ሙቀቱ ያፍናል፤ እሷ ግን አንገቷን በሻሽ ጠምጥማለች።

«ቀቢውን ትናንት አይተውታል?»

«አላየሁም። ልጄን አተኩሶት ከአልጋው አልራቅሁም፤ አሁን ገና ነው የተኛልኝ። ጠዋት ባለቤቴ ‹ቀለሙ እርጥብ ነው፣ በበረንዳው እንዳትወጪ› ብሎ ቀሰቀሰኝ።»

«ወንድምዎስ የት ነው የሚያድሩት?»

«ታች ግቢ ባለችው ክፍል። ከአባባ ከተጣሉ ወዲህ የዚህ ቤት ቁልፍ የለውም። ጠዋት አባባን ወድቀው ያገኘው እሱ ነው።»

«ትናንትስ ከአባትዎ ጋር የተጣላ ሰው ነበር?»

«እዚህ ቤት ያልተጣላ ማን አለ?» አለችና ሻሹን አጠበቀች።

መርፌና ሳጅኑ ቤቱን ሲዞሩ ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ። ስትወጣ ብቻዋን ነበረች።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ልጁ ክንዱን አጣምሮ፣ አማችየው እግሩን አነባብሮ፣ ሴት ልጅየዋ መሬት መሬት እያየች ተቀመጡ። ቀቢው በካቴናው በሩ አጠገብ ቆመ።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» አለ አማችየው። «ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሬሳውን እናንሳ።»

«አይቸኩሉ፤ ኩበቱ ሞልቷል» አለች መርፌ። «አንደኛ፣ ይኼ ጣውላ ዘይቱን አልጠጣም። እርጥብ እንጨት ላይ ነው የተቀባው። አርባ ዓመት የሠራ ሰው እንዲህ አይሳሳትም፤ ሙያውን የማያውቅ ሰው ግን ጣሳና ብሩሽ ካገኘ ዝም ብሎ ይለቀልቃል። ሁለተኛ፣ የሟች ጫማ። ሰው ሲራመድ መሬት የሚነካው የሶሉ ፊትና ተረከዙ ነው። የእሳቸው ግን መሐለኛው ጎድጓዳም ሳይቀር ተቀብቷል። ዳኛው ዘይት አልረገጡም። ከወደቁ በኋላ ተንበርክኮ በብሩሽ የቀባቸው ሰው አለ።»

ወንድ ልጁ የተጣመረ ክንዱን ፈታ።

«ገፍቶ የጣላቸው ሰው ማለት ነው። በረንዳውን የለቀለቀውም አዳለጣቸው ለማሰኘት ነው። ቀቢ ቢሆን ከግድግዳው ተነስቶ በደረጃው ይወርድ ነበር። ይኼ ግን ከደረጃው አፍ ነው የጀመረው፤ ዘይቱ እያለቀበት፣ እያፈገፈገ መጥቶ በዚህ በር ወደ ቤት ገባ። ጣሳውንና ብሩሹን ኋላ በጓሮ በር ዞሮ መለሳቸው። ቀቢው እዚህ ቤት አላደሩም። ወንድምየው ቁልፍ የላቸውም።»

«ታዲያ ማን ቀረ?» አለ ልጁ። ድምፁ ወርዷል።

«ሁለት ሰው። ባልና ሚስት።»

አማችየው ሳቀ። «ይኼ ተረት እንጂ ማስረጃ አይደለም።»

«አንድ ነገር ቀርቷል። አንድ ፌስታል ጨርቅ ከደረጃው ሥር ጠፍቷል። ገዳዩ እጁን ጠርጎበት፣ ግቢው በሰው ሲሞላ የሚጥልበት አጥቶ እዚሁ ቤት ውስጥ ጠቅልሎ ወሽቆታል።» ወደ ቀቢው ዞረች። «አባት፣ የተወሸቀ የዘይት ጨርቅ ምን ይሆናል?»

«ይነዳል» አለ ሽማግሌው። «በራሱ። ከንጋት ጀምሮ ከሆነ ሰዓቱ ደርሷል።»

ሴት ልጅየዋ ግራ ተጋብታ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ታያለች። ወንድምየው ጭስ ፍለጋ ዙሪያውን ያሸታል። አማችየው ግን መልኩ ተለወጠ። ወደ ኮሪደሩ አየ፣ መርፌን አየ፣ እንደገና ወደ ኮሪደሩ አየ። ወንበሩን ገልብጦ ሮጠ። ወዲያው ሕፃን አለቀሰ።

ሳጅኑ ክንዱን ጠምዝዞ ይዞት መጣ። «የሕፃኑን ፍራሽ ሲገለብጥ ነው የያዝኩት» አለ።

«ጨርቁን ቀደም ብለን አውጥተን ባልዲ ውስጥ ነክረነዋል» አለች መርፌ። «ስናወጣው እጅ ይለበልብ ነበር። ግን ክፍሉ የሁለታችሁም ነው፤ ማን እንደወሸቀው ጨርቁ አይናገርም። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚሮጠው።»

«እንደሚነድ እኔ በምን አውቃለሁ» አለ አማችየው። «አንቺ ነሽ ያሳበድሽኝ።»

ሴት ልጅየዋ ተነሳች። «ከልጄ ሥር?» አለችው። ሻሹን ፈታ ወለሉ ላይ ጣለችው። አንገቷ ላይ የጣት ምልክቶች ጠቁረው ይታያሉ። «አባባ ትናንት ማታ ሲያንቀኝ አዩት። ‹ነገ ልብስህን ይዘህ ከቤቴ ውጣ፤ ልጄም የልጅ ልጄም እዚሁ ይቀራሉ› አሉት። ይታረምልኛል ብዬ ዝም አልኩ። አባቴን ያስገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ያነቀዎትም የገደላቸውም እሱ ነው» አለች መርፌ በቁጣ። «የእሱን ኃጢአት አይሸከሙለት። ይሂዱ፣ ልጅዎን ያቅፉ።»

ሳጅኑ የካቴናውን ቁልፍ አውጥቶ ወደ ቀቢው ሲጠጋ ሽማግሌው እጁን ሸሸገ።

«እዚህ አልፈታም።»

ወንድ ልጁ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። «አባት፣ አጥፍቻለሁ። ተናድጄ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ስታሳስረኝ አንሾካሾክህ? ሰፈር እየሰማ ነፍሰ ገዳይ ብለኸኛል። ቁልፉን አንተ ያዝ። ከፊት ከፊቴ ሂድ።»

ሳጅኑ መርፌን አየ። መርፌ ይሁን ብላ ራሷን ነቀነቀችለት።

ልጁ ቁልፉን ጨብጦ ወጣ፤ ሽማግሌው በካቴና ተከተለው። ጠዋት ሲነዳ ያዩት ሰዎች በየበሩ ብቅ ብቅ አሉ። መስቀለኛው መንገድ ላይ፣ ሱቆቹ ፊት ለፊት፣ ሽማግሌው ቆመና ሁለት እጁን ዘረጋ።

«በል፣ አፍህን ክፈት። ጠዋት እንደጮህከው አድርገህ ንገራቸው።»

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባቴን የገደለው ይኼ ሰው አይደለም» አለ።

«አልሰማንም» አለች አንዲት ሴት ከወዲያ ማዶ።

ልጁ እንባው እየወረደ፣ ጮክ ብሎ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።