ውዳሴ እና የሱፍ አይብ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወራላችሁ ሰው ሁሉ ስለደከመበት ቤት ነው።

የውዳሴ አባት አውቶቡስ ሲነዳ ይውላል። ማታ ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወንበር ላይ ዘፍ! ይላል።

እናቷ ልብስ ስትሰፋ ትውላለች። ስትገባ ቦርሳዋን ታስቀምጥና «ወይ ወገቤን!» ትላለች።

ትንሿ ውዳሴም ደክሟታል። እሷን ያደከማት ማከክ ነው። ጫር! ጫር! ጫር!

ነገሩ እንዲህ ነው። ውዳሴ ከምግብ ሁሉ አብልጣ የምትወደው ከጎመን ጎን የሚቀርበውን አይብ ነው። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጤና አዳም ጤና አዳም የሚል!

ግን አይብ በበላች ቁጥር አንገቷ ይቀላል፣ ሆዷ ይነፋል። ከዚያማ ጫር! ጫር! ጫር!

ሐኪሟ አየቻትና «ወተት አይስማማትም። አይብም ቅቤም ይቅርባት» አለች።

እናቷ ብልሃት አሰበች። ትሪው ላይ የሌሎቹን አይብ ወዲያ ማዶ፣ የውዳሴን ጎመን ወዲህ አደረገች። «ከዚህ እንዳታልፊ፣ እሺ የኔ ቆንጆ?»

ውዳሴ አላለፈችም። የአይቡ ውሃ ግን አለፈ! በእንጀራው ውስጥ ሰርጎ፣ ቀስ እያለ፣ ጎመኗ ድረስ መጣ።

ጫር! ጫር! ጫር!

ከዚያ ወዲህ ውዳሴ የራሷ ሳህን ተሰጣት። ሌሎቹ ትሪውን ከበው ሲበሉ እሷ ለብቻዋ ትበላለች።

ወንድሟ ኪሩቤል «እድለኛ ነሽ! ማንም አይሻማሽም» አላት።

ውዳሴ ግን የፈለገችው መሻማት ነበር። «እኔም ከትሪው ልብላ!» ብላ አለቀሰች።

«በቃ፣ አይቡን ሁላችንም እንተወው» አለ አባቷ።

«አይሆንም! ጎመን ብቻውን ያሳዝናል!» አለች ውዳሴ። አባቷ በረጅሙ ተነፈሰ።

ቅዳሜ ማረፍ ሲገባው ወተት የሌለበት አይብ ሊሠራ ማድ ቤት ገባ። ሩዝ ቀቀለና አደቀቀው። ኪሩቤል ቀመሰ። «ይሄማ ሙጫ ነው!»

«ኤጭ!» አለ አባቷ።

ድንች ቀቀለና ፈረፈረው። ውዳሴ ቀመሰች። «አባዬ፣ ይሄ እኮ ድንች ነው።»

«ኤጭ!» አለ አባቷ። በጣም ደከመው።

እናቷ ወገቧን ይዛ ተነሳች። «ቆይ እስቲ! በጾም ሱፍ እንጠጣ የለ? ነጭ ነው፣ ወተት የለበትም። ለምን አናረጋውም?»

አባቷ ሱፉን ወቀጠ። ዱቅ! ዱቅ! ዱቅ!

ኪሩቤል ውሃ ጨመረበት፣ እናቷ አጠለለችው። እሳት ላይ ጣዱትና ውዳሴ ሎሚ ጨመቀችበት።

ጠበቁ። ጠበቁ። አባቷ እንደቆመ አንቀላፋ።

«ረጋ! ረጋ!» ብላ ጮኸች ውዳሴ።

በንጹህ ጨርቅ ቋጥረው ሰቀሉት። ጠብ! ጠብ! ጠብ! ውሃው ሲያልቅ ጨውና ጤና አዳም ነሰነሱበት።

ውዳሴ ቀመሰች። ሁሉም አፍ አፏን ያዩዋት ጀመር።

«አይብ አይደለም» አለች። የአባቷ ትከሻ ወረደ።

«ግን ይጣፍጣል! ጨምሩልኝ!»

አንገቷ አልቀላም። ሆዷም አልተነፋም። ማታ የሱፉን አይብ ትሪው መሃል አደረጉት፤ ውዳሴም እናቷና ወንድሟ መሃል ገብታ ተቀመጠች።

«ኧረ የኔን ወሰድሽው!» አለ ኪሩቤል። ውዳሴ በደስታ ሳቀች፤ ደግማም ወሰደችበት።

አባቷ ግን እጁን ማንሳት አቅቶት፣ ትሪው አጠገብ ዓይኑ ተከድኗል።

ውዳሴ ጎመኑን ከሱፍ አይቡ ጋር ጠቀለለች። «አባዬ፣ አፍህን ክፈት።»

አባቷ ዓይኑን ሳይገልጥ አፉን ከፈተ። ጉርሻው ትልቅ ስለነበር ጉንጩ ተወጠረ።

እያላመጠ ፈገግ አለ። ውዳሴም ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረች።