የወለላ ሌንስና የደምበጫው ቅርንጫፍ

ወለላ ከደምበጫ ወጣ ብሎ ባለ የበቆሎ ማሳ ዳር በደረቷ ተኝታ፣ ዓይኗን ካሜራዋ ላይ ተክላ፣ ትንፋሿን ይዛ ሳለ ከኋላዋ የሰው ሩጫ ሰማች።

«እኅቴ! ምን ነካሽ? አመመሽ እንዴ?»

ሁለት እጆቿን እንደ ጸሎተኛ አጥፋ ቅጠሉ ላይ ቆማ የነበረችው፣ ፌንጣ የምትመስል አረንጓዴ ፍጥረት ብር ብላ ጠፋች።

«አበረርክብኝ!» ወለላ በንዴት ቀና አለች።

«ማንን?»

«ሞዴሌን ነዋ!»

ጭቃ የወረሰው ቦቲ ያደረገው ረጅም ወጣት ዙሪያውን ቃኘ። ሞዴል የሚባል ነገር አጣና ሳቀ። እሷም ሳታስበው ሳቀች።

ፍሥሐ ይባላል። ማሳው የአባቱ የአቶ ቢያዝን ነው፤ ኮሌጅ ጨርሶ ከመጣ ወዲህ አብሯቸው ያርሳል። ወለላ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ፎቶ ቤት ውስጥ ትሠራለች። አዘቦቱን ሙሽራና ተመራቂ ስታነሣ ሰንብታ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትንንሽ ፍጥረታት ፍለጋ ትወጣለች።

ያነሣቻቸውን አሳየችው።

«ይሄ ምንድን ነው? ጌጥ ነው?»

«የዝንብ ዓይን ነው።»

«ዝንብ ይህን ሁሉ ወርቅ ተሸክማ ነው የምትዞረው?» ስልኳ ላይ ያለውን ሥዕል ሲያይማ ጭራሽ አፉን ከፈተ። አረንጓዴ፣ ቀይና ሰማያዊ የተነከረ፣ ዓይኖቹ የተንጠለጠሉ ፍጥረት ነበር። «ይሄስ ከየትኛው ማሳ ነው?»

«ከባሕር ነው። ሽሪምፕ ነገር ነው። እኔ አይደለሁም ያነሣሁት። ግን እሱን ካየሁ ወዲህ ነው ይህ አባዜ የያዘኝ። እኛ ባሕር ባይኖረን በቆሎ አለን ብዬ ተነሣሁ!»

ከዚያ እየመራች ወደ አጥሩ ወሰደችው። አንድ ቅርንጫፍ ላይ የደረቀ አረፋ የሚመስል ነገር ተጣብቋል።

«የዚያች ያበረርካት ዘር እንቁላል ነው። ልጆቹ ሲወጡ ግር ብለው ነው የሚወጡት። ያንን ማንሣት ስንት ክረምት ተመኘሁ መሰለህ!»

ፍሥሐ ቅርንጫፉን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያየው። «እኔ እጠብቅልሻለሁ» አላት።

ጠበቀም። ማታ ማታ ይደውላል። «ዛሬስ?» ስትለው «ገና ነው» ይላል። መጀመሪያ ወሬያቸው ስለ እንቁላሉ ብቻ ነበር። እያደር እንቁላሉን ረስተው ስልኩን ከዘጉ በኋላ ነበር ትዝ የሚላቸው።

ነሐሴ ላይ በቆሎው ውስጥ ተምች ገባ። ወለላ ይህን አታውቅም ነበር። አንድ እሑድ ልታስደንቀው ሳትነግረው ብትመጣ፣ ማሳው የመድኃኒት ሽታ ሸትቶ፣ አጥሩ ነጭ በነጭ ሆኖ ጠበቃት። ቅርንጫፉ ተቆርጧል።

«ማን ነው የረጨው?» ስትል አንዲትን ጎረቤት ጠየቀች።

«አቶ ቢያዝንና ልጃቸው ናቸው።»

ፍሥሐን ሳታገኘው ተመለሰች። ቢደውል አላነሣችም። ደጋግሞ ደወለ።

«ቢያንስ ምን እንደሆነ ጠይቂው» አለቻት ታናሽ እኅቷ ሃኒ።

«በዓይኔ ካየሁት ወዲያ ምን እጠይቀዋለሁ?»

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ስልኩ አላባራ ሲል ሃኒ አነሣችው። ወዲያው እየጮኸች ብድግ አለች።

«ወለላ! ካሜራሽን ያዢ! ሚኒባስ ውስጥ ነኝ ይላል፤ መናኸሪያ ሊደርስ ነው! እየወጡ ነው!»

«ማን?»

«ልጆቹ ናቸዋ!»

ወለላ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ባጃጅ ውስጥ ገባች። ልቧ ከሞተሩ በላይ ይመታል።

መናኸሪያው ውስጥ ሰው አንዲት ሚኒባስ ከቧል። ተሳፋሪዎቹ አልወረዱም። «እንዳትረግጧቸው! ኧረ ነጠላዬን አትንኩብኝ፣ ላዬ ላይ አሉ!» ይላሉ አንዲት እናት እየሳቁ። ሾፌሩ ሳይቀር አንገቱን አዙሮ ቀርቷል። መሐል ወንበር ላይ ፍሥሐ ቅርንጫፉን በውኃ ጣሳ አቁሞ ታቅፏል። ከአረፋው ውስጥ እንደ ክር የቀጠኑ፣ ማር የሚመስሉ ልጆች ተንጠልጥለው ይወርዳሉ። አጠገቡ አቶ ቢያዝን ጋቢያቸውን ዘርግተው ነፋስ ይከላከላሉ።

«ልጄ፣ የረጨሁት እኔ ነኝ» አሏት። «እሱማ በዋዜማው ቆርጦ ቤት አስገብቶት ነበር። ለካ እነዚህ ተምች ይበላሉ! ቀድሞ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ይኸው ዘበኛቸው ሆኜ መጣሁ።»

ወለላ ዕንባዋን በክርኗ ጠርጋ ተንበረከከች። አነሣች፣ አነሣች። አንዷ እጇን አጥፋ ሌንሱን ትኩር ብላ አየችው። አንዷ የፍሥሐ ቅንድብ ላይ ወጥታ ቆመች።

«እንዳትንቀሳቀስ!»

«አልንቀሳቀስም። አንቺ ግን ቅረቢ።»

«ከዚህ በላይ ከቀረብኩ ሌንሱ አይይዝህም።»

«እንግዲያው ሌንሱን አውርጂና ቅረቢ።»

ወለላ ካሜራውን ቀስ ብላ አወረደች። ዓይኖቹን ያለ መስታወት ከዚህ ቅርበት አይታቸው አታውቅም።

አቶ ቢያዝን ጋቢያቸውን ከፍ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ሾፌር» አሉ፣ «የዚህችን ልጅ የአባቷን ቤት የሚያውቅ ሰው አይጠፋም መቼም። ሽማግሌ ሆኜ ስሄድ መንገዱ እንዳይጠፋብኝ።»

«እኔ አሳይዎታለሁ!» አለች ሃኒ፣ ከበሩ ላይ እያለከለከች።