ያልፈረሰው ጉልቻ

እናንተ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ለእኔ አትጨነቁ። እዚሁ ጠርዝ ላይ ይበቃኛል። ልብሴ እርጥብ ነው፣ አጠገባችሁ ብቀመጥ አበሰብሳችኋለሁ። እሳታችሁን ከውኃው ላይ ሆኜ አየሁትና መጣሁ፣ ሌላ ነገር የለኝም። ጨዋታ አምጣ ካላችሁኝ ግን አንድ የማውቀው አለ። ደክሞኛል፤ ድምፄ ዝቅ ቢልባችሁ ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

ነፋሱ ቆሟል አይደል? ጨረቃም የለችም። እንዲህ ባለው ምሽት ነበር። ውኃውና ሰማዩ መለየት ሲያቅታቸው፣ ወፉም ሁሉ ሲገባ፣ አንድ ሰው በሐይቁ ላይ ታንኳውን ይቀዝፋል። ድሮ ነው። አገሩን አልነግራችሁም። ከሐይቁ ዳር ያለ አገር ነው፣ ይኸው ይበቃል። ሰውየው ስንሻው ይባላል።

ስንሻው ደክሞታል። ምን ያህል ደከመው? መቅዘፊያውን ሲያነሳ ክንዱ የሌላ ሰው ክንድ እስኪመስለው ድረስ ደከመው። ከማለዳ ጀምሮ ቀዝፏል። ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ገበያ ለገበያ ዞሯል። ከዚያ በፊት ደግሞ እንጨት ሲፈልጥ፣ የዳስ ቋሚ ሲቆርጥ፣ ዘመድ ሲጠራ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎኑ አላረፈም። ለምን? ልጁን ሊድር ነዋ። አንዲት ልጅ ናት ያለችው፣ የሺሀረግ ትባላለች። ሠርጉ ደረሰ፣ የጠላው ጌሾ ግን አነሰ። ጌሾ ያለው ከሐይቁ ማዶ ነው። ነገ ቤቱ ካልገባ ጥንስሱ ይቀራል፣ ጥንስሱ ከቀረ ደግሞ ልጁን በባዶ ዳስ ሊድራት ነው። ስለዚህ ስንሻው ማዶ ተሻግሮ ጌሾውን ጫነ፤ ይኸው አሁን እየተመለሰ ነው። ከኋላው በሌላ ታንኳ አያ ይርሳው ይከተለዋል። አያ ይርሳው ጎረቤቱ ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ ዕድሜውን በውኃ ላይ የጨረሰ ሰው ነው።

ታንኳ ስላችሁ የእናንተን የሞተር ጀልባ እንዳይመስላችሁ። ሐይቅ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል የታሰረ ነው። ደንገል ደግሞ ውኃ ይጠጣል። ቀኑን ሙሉ የተቀዘፈ ታንኳ ሲመሽ ይከብዳል፣ ወደ ታችም ይላል። እና ባለታንኳ ምን ያደርጋል? መንገዱ አጋማሽ ላይ ካለው ደሴት ይወጣል። ሸክሙን ያወርዳል። ታንኳውን ዛፍ አስደግፎ ያቆመዋል። ታንኳው ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ ያድራል፣ ሰውየው ደግሞ ሦስት ድንጋይ ጎልቶ፣ እሳት አንድዶ፣ በሶውን በጥብጦ ይተኛል።

አሁን ልብ በሉ። ባለታንኳዎች አንድ ወግ አላቸው። ደሴት ላይ ያደረ ሰው ጠዋት ሲነሳ ጉልቻውን ያፈርሳል። ሦስቱን ድንጋይ ወዲያና ወዲህ ይጥላል። ያኔ ሄዷል ማለት ነው፤ በሰላም ተነስቶ በሰላም ሄዷል። ጉልቻው እንደቆመ ካገኛችሁት ግን ባለቤቱ አልሄደም። መረቡን አይቼ ልመለስ ብሎ ወጥቶ ውኃ ላይ ቀርቷል። ሬሳው እስኪገኝ ያን ጉልቻ ማንም አያፈርሰውም። ካፈረሱትማ በምን ይመለስ? አልፎ ሂያጅ አንድ አንድ እንጨት ይጨምርለታል እንጂ እሳት አያነድበትም፣ አይተኛበትምም።

ስንሻው ይህን አያውቅም ነበር? ያውቃል። ከማንም በላይ ያውቃል።

ደሴቱ ላይ ሲደርሱ ማደሪያ መምረጥ ነበረባቸው። ሦስት ቦታ አለ። አንደኛው በምዕራብ በኩል ያለው ድንጋያማው ነው። ነፋስ ይመታዋል፣ ጎን የሚያሳርፍ ስንዝር መሬት የለውም። ሁለተኛው ትልቁ ሾላ ሥር ነው። ጥላው ደስ ይላል፣ ግን የጉማሬ መንገድ ነው። ጉማሬ ሌሊት ሳር ሊግጥ ሲወጣ መንገዱ ላይ የተኛ ሰው አይምርም። ሦስተኛው ሜዳው ነው። አሸዋው ደረቅ ነው፣ ሳሩ ለስላሳ ነው፣ ታንኳ የሚያስደግፉበት ዋንዛ አለው። ጉልቻም አለው፣ ሦስቱም ድንጋይ ቆመዋል። አጠገቡ ደረቅ እንጨት ተከምሯል።

ስንሻው ጉልቻውን አየ። አያ ይርሳውም አየ። ከዚያ ሽማግሌው መቅዘፊያውን ወደ ድንጋያማው አቅጣጫ መለሰ።

ስንሻው አልተከተለውም። እኔ እዚሁ አድራለሁ አለው። ሽማግሌው ታንኳውን አቁሞ ወጉን አስታወሰው፤ ሰው ያለበት ቦታ ነው አለው። ስንሻው ሳቀ። የትኛው ሰው? ማን አለ እዚህ? ድንጋይ ላይ አድሬ ነገ በየትኛው ጎኔ ልቅዘፍ? ከአሁን በኋላ አንዲት ጊዜ እንኳ መቅዘፍ አልችልም አለ።

«አያ ይርሳው፣ ለአንድ ሌሊት ነው» አለው። «ጠዋት ስነሳ ድንጋዩን እንደነበረ እተወዋለሁ።»

«አንተን የሚያናግርህ ድካምህ ነው» አለው ሽማግሌው። «ድካም እኮ ያልፋል።»

ከዚህ ሌላ አልተነጋገሩም። ሽማግሌውም ደክሞታል፣ ለክርክር የሚሆን ትንፋሽ ከየት ያምጣ? እየቀዘፈ ወደ ድንጋዩ ሄደ። ስንሻው ብቻውን ቀረ።

ጌሾውን አወረደ። ታንኳውን ዋንዛው ላይ አቆመ። ከተከመረው እንጨት ወሰደ፣ በዚያ ጉልቻ መካከል አስገባ፣ ክብሪት ጫረ። እሳቱ ወዲያው ተያያዘ። እንዲያውም ፈጠነ፣ ሲጠብቀው የቆየ ይመስል። ስንሻው በሶውን እንኳ አልበላም። ጋቢውን ተከናንቦ ጋደም አለ። ኧረ እንዴት ደስ አለው! ሁለት ሳምንት ሙሉ የለመናት እንቅልፍ መጣችለት።

መቼ እንደነቃ አያውቅም። የሰማው ድምፅ ከውኃው በኩል ነው። ጭልፕ ይላል፣ ደግሞ ዝም ይላል። ጭልፕ ይላል፣ ደግሞ ዝም ይላል። መቅዘፊያ ነው። ቀዛፊው በጣም የደከመ ቀዛፊ ነው፣ በአንዱና በሌላው መካከል ረጅም ጊዜ አለ። ስንሻው አያ ይርሳው መስሎት ደስ አለው። ድንጋዩ ቆርቁሮት መጣ ብሎ አሰበ። ዓይኑን አልገለጠም። እናንተስ ብትሆኑ ትገልጡ ነበር?

ቀጥሎ ታንኳ አሸዋ ላይ ሲጎተት ሰማ። ቀጥሎ ታንኳው ዋንዛው ላይ ሲቆም ሰማ፣ ከእሱ ታንኳ ጎን። ቀጥሎ መንጠባጠብ ጀመረ። ጠብ። ጠብ። ጠብ። የእሱ ታንኳ እስካሁን ተንጠፍጥፎ ደርቋል፤ ይሄኛው ግን አላቋርጥ አለ። ሐይቁን ሙሉ የጠጣ ታንኳ ይመስላል።

«አያ ይርሳው?» አለ ስንሻው።

እርምጃ መጣ። እርጥብ እግር አሸዋ ሲረግጥ ታውቃላችሁ? እንደዚያ። ከእሳቱ ማዶ ሲደርስ ቆመ። እሳቱ ላይ ውኃ ጠብ አለና ጭስስ አለ።

ስንሻው ዓይኑን ገለጠ። ያየው መጀመሪያ እግር ነው። ነጭ ነው፣ ተጨማዷል፣ ልብስ ስታጥብ የዋለች ሴት ጣቷ እንደሚጨማደደው። ቀጥሎ ጉልበት አየ። ቀጥሎ መቅዘፊያ የያዘ እጅ አየ። ፊቱን ለማየት ቀና ማለት ነበረበት፣ ቀና አላለም። ሰውየው ራሱ ቁጢጥ አለና ፊቱን አሳየው። ምን የሚያስፈራ ነገር ነበረው? ምንም። ጥርስ የለ፣ ቀንድ የለ። የደከመ ሰው ፊት ነው። ስንሻው በዕድሜው እንደዚያ የደከመ ሰው አይቶ አያውቅም፣ የፈራውም ያንን ነው።

«ገብሱ ታጨደ?» አለ ሰውየው።

የየትኛውን ዓመት ገብስ ነው የሚለው? «ታጭዷል» አለ ስንሻው።

«ደግ ነው። እኔ ነበርኩ የማጭደው።» ሰውየው እጁን ወደ እሳቱ ዘረጋ። «እሳት ሳይኖር ዳሩ አይታየኝም። ስንት ዘመን ዞርኩ። ሰዎች እንጨት ያስቀምጡልኛል፣ የሚያነድልኝ ግን የለም። አንተ አነደድክልኝ። ቦታዬንም አሞቅህልኝ።»

«ልነሳልህ» አለ ስንሻው። «ወደ ድንጋዩ እሄዳለሁ። ይቅር በለኝ፣ ደክሞኝ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ሰውየው። «እኔም ደክሞኝ ነው። ግን ታንኳው ባዶውን አይቀርም።»

ስንሻው ልመና ጀመረ። ልጄን ልድር ነው አለ። አንዲት ናት አለ። ጌሾው ነገ መድረስ አለበት፣ እናቷ መንገድ መንገድ እያየች ነው አለ። ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማው፣ አላቋረጠውም። ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ፣ እኔም ገብስ ነበረኝ አለው። ከዚያ ጋደም አለ። ስንሻው የተኛበት ላይ፣ በስንሻው ጋቢ ውስጥ። ረጅም ትንፋሽ ወጣው። ስንሻው እጁን ቢያይ መቅዘፊያ ይዟል። እግሩን ቢያይ ውኃ ላይ ነው። ታንኳው ከብዷል፣ ጌሾው ፊቱ ተጭኗል፣ ዳሩ ላይ እሳቱ ይታየዋል።

ቀዘፈ። ምን ያድርግ? ወደ እሳቱ ቀዘፈ። እሳቱ አልቀረበም። ክንዱ እስኪገነጠል ቀዘፈ፣ አልቀረበም። ከዚያ እሳቱ ጠፋ።

ሲነጋ ከውኃው ላይ ሆኖ ደሴቱን ያያል። አያ ይርሳው ወደ ሜዳው ሲመጣ ያያል። ጋቢውን ይዞ ተነስ፣ ነጋ ሲል ይሰማል። ስንሻው እዚህ ነኝ ብሎ ይጣራል፣ ሽማግሌው አይሰማውም። ጋቢውን ገለጠው። በጋቢው ውስጥ አጥንት ነበር። የቆየ አጥንት፣ ድርቅ ያለ፣ እንደተኛ ሰው ጎኑን ይዞ የተጣጠፈ። ሽማግሌው ጮኸ፣ ሮጠ፣ ደግሞ ተመለሰ። ደግ ሰው ነበር። አጥንቱን ዋንዛው ሥር ቀበረው፣ በላዩም ጸለየ። ታንኳውና ጌሾው የሉም፣ ስንሻው የለም። ሽማግሌው ጉልቻው አጠገብ ብዙ ቆመ። ባለቤቱ ተገኝቷልና ሊያፈርሰው ጎንበስ አለ። ኋላ ስንሻውን አሰበ። ስንሻው ከተመለሰ በምን ይመለስ ብሎ አሰበ። ድንጋዮቹን ሳይነካ አንድ እንጨት ጨምሮበት እያለቀሰ ሄደ።

እንግዲህ ያ ጉልቻ የስንሻው ሆነ ማለት ነው።

ታሪኩ አልቋል። አሁን እኔ ልጠይቃችሁ። ይህን ጉልቻ ማን ጎለተው? አንተ ነህ? አንቺ ነሽ? ለምን እርስ በርስ ትተያያላችሁ? ተጎልቶ አገኘነው ነው የምትሉት። እንጨቱም ተከምሮ ነበር። ድንጋዩን አይታችሁት ቆረቆራችሁ፣ ሾላውን አይታችሁት ጉማሬ ፈራችሁ፣ ሜዳው ግን ለድንኳን ተመቸ። አልፈርድባችሁም። ውኃ ላይ ውላችሁ ደክሟችሁ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። የሺሀረግ ተዳረች? ያለ ጌሾ እንዴት አደረጉ? አታውቁም። ማን ያውቃል፣ ስንት ዘመን ሆነው።

ጌሾው አይሸታችሁም? ከዋንዛው በኩል ነው። ታንኳዬን እዚያ አቁሜዋለሁ። ዝም ብላችሁ ብትሰሙ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማችኋል።

አዎ፣ ስንሻው እኔ ነኝ። ለመጮህ አትድከሙ፣ በዚህ ሐይቅ ላይ ጩኸት እንደማይሰማ እኔ አውቃለሁ። ቅድም ደከመኝ ብሎ ከሁላችሁ ቀድሞ የተኛ አንድ ጓደኛ አላችሁ። ያ ድንኳን ውስጥ ያለው። ቦታውን ሞቅ አድርጎልኛል። አትቀስቅሱት፣ እኔው እቀሰቅሰዋለሁ።

ተረት የነገራችሁ ሰው ተረቴን መልሱ ይላል። እኔ ተረቴን አልፈልግም። ቦታዬን መልሱልኝ።